ለኮይ የተለቀቀው መስመር

ሎሬል ፎርክ፣ ኬንታኪ
ማርች 24 ቀን 1985

ውድ ዌንደል፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። ሳልመልስልህ የቆየሁት ረስቼህ እንዳይመስልህ። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ሰው በሩን ያንኳኳል፤ የሚያንኳኳ ሲጠፋ ደግሞ እኔው ሰበብ ፈልጌ እነሳለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ልጆች ቤዝቦል ሳሰለጥን የኖርኩ ሰው መጮህ እንጂ መጻፍ ከየት ይምጣልኝ? ይቅር በለኝ። እኔም ሜዳውም እናትህም ደህና ነን። ኦፓልን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፤ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን አሁንም ከእኔ ቀድማ ትደርሳለች።

ስለ ወንድምህ ጠይቀሃል። ምን ልበልህ! ኮይ በዚህ ብርድ ወራት አራት ጣት ያህል ረዝሟል። ባለፈው ማክሰኞ ሃርሞን ፌልትስ መጥቶ ነበር፤ ያው አንተን ለክለቡ ያስፈረመህ መልማይ። ከአጥሩ ኋላ ቆሞ ያቺን የፍጥነት መለኪያውን ደገነ። አንዴ ዐየና የተበላሸች መስሎት በመዳፉ መታ መታ አደረጋት። ዘጠና አንድ ማይል! ያውም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ! የብሌቪንስን ልጅ፣ ያንን ከወዲያኛው ወረዳ የሚመጣውን ጉረኛ መቺ፣ ሦስቴ ባዶ እጁን መለሰው። ልጁ ሦስተኛው ላይ ዱላውን ጥሎ "ኳሷን መች ዐየኋት፣ ድምጿን ነው የሰማሁት" አለ። ኮይ ምን ቢለው ጥሩ ነው? "ታዲያ በሚቀጥለው በጆሮህ ምታት።" ዳኛው ሳይቀር ሳቀ።

የሁለት ዓመቱ ኮሌጅ አሰልጣኝ ደውሎልኝ ነበር። ለኮይ ቦታ ይዟል፤ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ቁርጡን ንገሩኝ ብሏል። ኮይ "ኮች፣ የቱ ይሻለኛል?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ዘጠና አንድ የሚወረውር ልጅ ኮሌጅ ምን ያደርግለታል? በጁኑ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ክለቦቹ ይሻሙብሃል" አልኩት። የማዕድን ማውጫው ሠራተኛ ማሰናበት ከጀመረ ወዲህ የዚህ ሸለቆ ልጅ ከእጁ ሌላ መውጫ የለውም። እጅ ደግሞ አለው።

በደብዳቤህ መጨረሻ ስለዚያ ካርድ የጠየቅከኝን ዐይቻለሁ። እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን። አንተ ብቻ እጅህን ጠብቅ።

አሰልጣኝህ፣ ኤልዉድ ታኬት


ማርሎ፣ ጆርጂያ
ኤፕሪል 12 ቀን 1985

ለተከበሩ ኮች ታኬት፣

እንደምን ሰነበቱ? ስለ ኮይ የጻፉልኝን አራት ጊዜ አነበብኩት። "በጆሮህ ምታት" ያለው ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

"እጅህን ጠብቅ" ብለውኛል። የሚጠበቅ እጅ የለም፣ ኮች። ክለቡ አሰናብቶኛል። ያሰናበተኝም ዛሬ ትናንት እንዳይመስልዎ፤ የገና በዓል ሳይደርስ ነው። እዚሁ የቀረሁት ቤት ብመለስ እማዬ ፊቴን ዐይታ ስለምታውቅ ነው። የዶሮ ማረጃ ፋብሪካ ገብቻለሁ፣ በግራ እጄ እሠራለሁ። ቀኙ ኩባያ ካነሳልኝ አመሰግነዋለሁ። ለእማዬ በየሳምንቱ "ልምምዱ ጥሩ ነው" እያልኩ እጽፍላታለሁ። አደራዎን፣ አይንገሩብኝ።

ሐኪሙ የክርኔ ጅማት ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የተጎዳ ነው አለ። "መቼ ነው የጀመረህ?" ሲለኝ መዋሸት ታከተኝና "ከቤት" አልኩት። ሃርሞን በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ትቶኝ ወጣ።

ስለ ካርዱ ሌላ ጊዜ እናወራለን አሉኝ። ሌላ ጊዜ የለንም። ያንን የመልማዮች ካርድ የፒካፕዎ ኮፈን ላይ ዘርግተን ነው የሞላነው። ክርኔ የበረዶ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ ነበር። "ከዚህ በፊት የደረሰበት ጉዳት" በሚለው ላይ እርስዎ "ምንም" ብለው ጻፉ። እርስዎ ፈረሙ፣ እኔም በግራ እጄ ፈረምኩ። እርስዎን ብቻ አልወቅስም። የእማዬ ጣሪያ ያፈስ ነበር፣ ሁለታችንም ፈለግነው። ግን ሃርሞን ያስፈረመኝ በእርስዎ ቃል ነው፣ በእኔ የተነሳም ከእንጀራው ሊፈናቀል ነበር።

አሁን የኮይን ካርድ እርስዎ ፈርመው ቢልኩ ማን ያምናል? ሐኪም ይፈርም። የኮሌጁንም ቦታ አይልቀቁ። ኮች፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎ።

ዌንደል ራትሊፍ


ሎሬል ፎርክ
ሜይ 12 ቀን 1985

ውድ ዌንደል፣

እግዚአብሔር ያጽናህ ልበልህ? እንዴት ከረምክ ልበልህ? ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ ወጥቼ የሜዳውን ሣር አጨድኩ። ሲያልቅ የታጨደውን መልሼ አጨድኩት። ልጄ፣ በእጅህ ያዘንኩት ሐዘን ለራሴ ልጅ ባዝን የማዝነውን ያህል ነው። መልስ እስክጽፍ አንድ ወር መፍጀቴ ከማፈር ነው እንጂ ከሌላ አይደለም።

ለእናትህ አልነገርኩም። ባለፈው እሑድ "ዌንደል ዘንድሮ ወደ ላይኛው ቡድን ሳያሳድጉኝ አይቀሩም ብሎ ጽፎልኛል" ስትለኝ "ይገባዋል" አልኳት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ስለ ኮሌጁ፣ ደብዳቤህ የደረሰኝ "አንፈልግም" ብለን በመለስን በሁለተኛው ቀን ነው። ወዲያው ደወልኩ። ቦታውን ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል። አሰልጣኙ ጨዋ ሰው ነው፣ "የከርሞ ሰው ይበለን፣ እናያለን" አለኝ። እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን።

እንዳልከኝ ካርዱን አልፈረምኩም። ኮይን ከተማ ድረስ ወስጄ ክንዱን ራጅ አስነሣሁት። ሐኪሙ "ይህን የመሰለ ክንድ ለእኔ በሰጠኝ" ብሎ ፈረመለት። ሃርሞንም ባለፈው ረቡዕ መጥቶ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዞ ዐየው። ከዚያ እኔ ዘንድ አንድ ቡና ጠጥቶ ሄደ። ብዙም አላወራን።

ይልቅ የሸለቆውን ጉድ ልንገርህ። ስልካችን አንተ እንደምታውቀው ነው፤ ስድስት ቤት፣ አንድ መስመር። አንዱ ሲያወራ አምስቱ ይጠብቃሉ፤ ይጠብቃሉ አልኩ እንጂ ያዳምጣሉ። ምርጫው ጁን 3 ሰኞ ይጀምርና ሦስት ቀን ይቆያል። ክለቡ ልጁን ሲመርጥ ወደ ቤቱ ይደውላል። ታዲያ "መስመሩ ተይዞ ካገኙት ወደ ሌላ ልጅ ያልፋሉ" የሚል ወሬ ከየት እንደ መጣ እንጃ፣ ሸለቆውን ሞላው። የተመረጠ ተመረጠ ነው፣ ስልክ ስለተያዘ የሚሰረዝ ስም የለም ብዬ ልነግራቸው ነበር። ግን እንዲህ በአንድ ልብ ሆነው ሳያቸው አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ሰባኪው እሑድ ዕለት ጉዳዩን አነሣና ስድስቱም ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ ላይነካ ቃል ገባ። እትዬ ዜልማ እንኳ! ባሏ ጋሽ ቨርጂል ብድግ ብሎ "ሦስት ቀን? እንግዲያማ ወሬው ሁሉ እኔ ላይ ሊወርድ ነው! ጌታ ሆይ፣ ልጁን በመጀመሪያው ሰዓት አስመርጥልኝ" አለና ጉባኤውን በሳቅ ገደለው። ስንወጣ ኮይ "እትዬ ዜልማ፣ ምላስዎ እንዳይዝግ ዘይት ላምጣልዎ?" ቢላት "ዝም በል አንተ! ለአንተው ብዬ ነው። ሲያልፍልህ መኪና ትገዛልኛለህ" አለችው። እናትህ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አባትህ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም።

ሁሉም መልካም ይሆናል።

ኤልዉድ ታኬት


ማርሎ
ሜይ 23 ቀን 1985

ኮች ታኬት፣

ጤና ይስጥልኝ። ስላዘኑልኝ አመሰግናለሁ። እጄን ለምጄዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ስለ እትዬ ዜልማ ምላስ ግማሽ ገጽ ጽፈውልኛል፤ ስለ ሃርሞን ግን "አንድ ቡና ጠጥቶ ሄደ" ብለው አለፉት። አራት ዓመት አሰልጥነውኛል። መጥፎ ነገር ሲደብቁ ወሬ እንደሚያበዙ ቡድኑ በሙሉ ያውቅ ነበር። ተሸንፈን ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ቀልድ የሚያወሩት እርስዎ ነበሩ።

ሃርሞን ምን አለ?

አይሆንም ብሎዎት ከሆነ ከጁን 3 በፊት ለእማዬና ለኮይ ይንገሯቸው። ሌላ ምንም አልለምንዎትም። እኔ ያንን ስልክ ሳይሆን የክለቡን ደብዳቤ ነበር የጠበቅሁት፤ የሚጠብቁት ነገር ቀርቶ እየጠበቁ መቀመጥ ምን እንደሆነ ዐውቀዋለሁ። ለኮይ አልመኝለትም።

እዚህ ደህና ነው። የፋብሪካው ሽታ ከጸጉሬ አልወጣም ብሎኛል እንጂ።

ዌንደል


ሎሬል ፎርክ
ጁን 2 ቀን 1985፣ እሑድ

ውድ ዌንደል፣

ይህ ደብዳቤ እስኪደርስህ ነገሩ አልፎ ይሆናል። እንዲያም ሆኖ ልጻፍልህ። አውቀህብኛል፣ ደብቄሃለሁ።

ሃርሞን የራጁን ፊልም ወደ ፖስታው መለሰና ቡናውን እያማሰለ እንዲህ አለኝ፦ "ኤልዉድ፣ ራጅ አጥንት እንጂ ጅማት አያሳይም። የዌንደልም ራጅ ንጹሕ ነበር። እኔ ልጁን በዐይኔ ዐይቼዋለሁ፣ ክንዱ ወርቅ ነው። ግን ስሙን ባነሳሁ ቁጥር አለቆቼ 'የማን ተማሪ ነው?' ይሉኛል። የታኬት ነው ስላቸው ይስቃሉ። የሌሎቹም ክለቦች ሰዎች ሰምተዋል፤ መልማይ ሲባል መቼም ወሬ አይደብቅም። በመጨረሻው ዙር እንኳ የሚያነሳው የለም። እባክህ፣ እንዳይጠብቅ ንገረው።"

እሺ አልኩት። ሸኘሁት። ያ እንግዲህ ሃያ አምስት ቀን ሆነው።

ልነግራቸው ያልሞከርኩ እንዳይመስልህ። በመጀመሪያው ሳምንት ሄጄ እናትህ ጣሪያ ላይ ወጥታ አገኘኋት። ቆርቆሮ ስትመታ። "የኮይ ሰዎች ሲመጡ ቤቱ የሰው ቤት ይምሰል ብዬ ነው" አለችኝ። መዶሻውን ተቀብያት እኔ መታሁላት። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ኮይን ሜዳ ላይ ብቻውን አገኘሁት። "ኮይ" ስለው "አቤት ኮች" ብሎ ዞረ፣ ጓንቱን ነው ይዤልህ የመጣሁት አልኩና ሰጠሁት። ዛሬ ከጸሎት በኋላ ሰባኪው ልጁን አስነሥቶት ሁላችንም እጅ ጫንንበት። ከተጫኑት እጆች አንዱ የእኔ ነበር።

እናትህ ያንን የደረቀ ፖም የሚገባበትን ባለ ስምንት ድርብ ኬክ ጋግራለች። ከነገ ወዲያ ፖሙ ሰርጎበት ለስልሶ እንዲጣፍጥላት ዛሬ ጨርቅ አልብሳ አኖረችው። እንዴት አድርጌ ልንገራት? ሦስት ቀን ነው፣ ይደሰቱ። ስልኩ ካልጮኸ ዕድል ነው ይላሉ፣ ማንንም አይቀየሙም። ዕድልን መቀየም ሰውን ከመቀየም ይቀላል ብዬ ነው። እንዲህ እያልኩ ራሴን አታልላለሁ፤ እውነቱ ግን የፈራሁ እንደሆነ ነው። ሁለቱንም ልጆቿን ያጠፋሁባት እኔ መሆኔን ስታውቅ ፊቷን ማየት ፈራሁ።

ኤልዉድ


ማርሎ
ጁን 13 ቀን 1985

ኮች፣

የእርስዎ ደብዳቤና የእማዬ ደብዳቤ በአንድ ቀን ደረሱኝ። የእርስዎን ቀድሜ አነበብኩት። ምነው ባልጀመርኩበት።

የሆነውን እርስዎ እዚያው ስለሆኑ ያውቁታል። እኔ ግን እማዬ እንደጻፈችልኝ አድርጌ ልጻፍልዎ፣ በእኔ እጅ ሲጻፍ ያንብቡት።

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ቨርጂል የባቄላው መደብ ውስጥ ወደቀ። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው፣ አፉ ተጣመመ። እትዬ ዜልማ ጎትታ አስገባችው። ስልኳ ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ነው የተሰቀለው። አልነካችውም። "እስከ እኩለ ቀን ይደውላሉ፣ ከዚያ ሐኪም እጠራለሁ" ብላ አጠገቡ ተቀመጠች። እኩለ ቀን ሲያልፍ ወንዙን ተሻግራ እማዬ ቤት መጣች። ምን ልትል? "ኦፓል፣ ደወሉ እንዴ? ካልደወሉ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ብነካው ትቀየሙኛላችሁ?" በገዛ ስልኳ ለመደወል ፈቃድ ልትጠይቅ ነው የመጣችው። እማዬ ጮኻ ደወለችላት። አምቡላንሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። ሐኪሙ "ጠዋት ቢሆን ኖሮ" አለ። ረቡዕ ዕለት ጋሽ ቨርጂል ሞተ። ምርጫው ያለቀውም በዚያው ቀን ነው።

እማዬ የወረዳውን ጋዜጣ ቆርጣ ልካልኛለች። "ከአካባቢያችን ሦስት ልጆች ተመረጡ" ይላል። የብሌቪንስ ልጅ በአሥራ ዘጠነኛው ዙር፣ ከኮሌጁ ደግሞ ሁለት፣ አንዱ በሠላሳ አንደኛው። በጆሮው ኳስ የሰማው ልጅ ተመርጧል፣ ኮች። እማዬ ከሥር በእርሳስ "የኮይን ስም በስሕተት ዘለውት ይሆን?" ብላ ጽፋለች።

"ማንንም አይቀየሙም" ብለው ነበር። ትክክል ነዎት። ኮይ ማንንም አልተቀየመም፣ ራሱን ነው የተቀየመው። ጓንቱን ምድጃ ውስጥ ከቶታል። "ሰውየው የሞተው ለእኔ ስልክ ሲባል ነው" ይላል፣ አይበላም። እርስዎ ያ ስልክ እንደማይጮኽ ያውቁ ነበር። ስድስት ቤት ሰው አፉን ዘግቶ ሲቀመጥ እያወቁ ዝም አሉ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር፤ እኛ ግን አባት አገኘን ብለን ነበር።

ለእማዬ ስለ እጄ ዛሬ ጽፌላታለሁ። ሁሉንም፣ ዶሮውንም ጭምር። ስለ ካርዱም እኔም እንደፈረምኩ ነግሬያታለሁ። እኔ ተናግሬያለሁ። አሁን የእርስዎ ተራ ነው። ሄደው ለኮይ "ዐውቅ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ይበሉት። ያንን ሸክም ከትከሻው ያውርዱለት። ከዚህ በኋላ ደብዳቤ አይጻፉልኝ፣ ይህን አድርጌያለሁ ለማለት ካልሆነ በቀር።

ዌንደል ራትሊፍ


ሎሬል ፎርክ
ጁን 25 ቀን 1985

ዌንደል፣

ነግሬዋለሁ። ስለዚህ እንድጽፍልህ ፈቅደህልኛል።

እናትህ ደብዳቤህ ደርሷታል። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስታየኝ ቆመች፣ "ጤና ይስጥልኝ ኮች" ብላኝ አለፈች። ሃያ ዓመት "ኤልዉድ" ስትለኝ ኖራ ነው። ብትሰድበኝ እንዴት በወደድኩ።

ኮይን እሑድ ከሰዓት ቤቴ ጠራሁት። ማእድ ቤት ተቀመጥን። እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ሥራ ጀምሯል፤ ሥራ ብሎ የሰጠው እሱ ብቻ ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ሸሚዙ ላይ የትናንት የእንጨት ብናኝ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ፣ ለቀልድ አፌን ሳልከፍት፣ ያልከኝን ቃል በቃል አልኩት። "ኮይ፣ ስልኩ እንደማይደወል ዐውቅ ነበር። ሃርሞን ነግሮኛል። የማይወስዱህም በእኔ የተነሳ ነው። አንተ ጋሽ ቨርጂልን አልገደልከውም፣ እኔ ነኝ።"

ከዚያ ጠረጴዛውን እያየ "እኔም ዐውቅ ነበር፣ ኮች" አለኝ።

ደነገጥኩ። "ማን ነገረህ?"

"ሃርሞን ራሱ። ያን ዕለት ከእርስዎ ዘንድ ወጥቶ መኪናው ጋ አገኘኝ። 'ኮች ይነግርሃል፣ ግን ኮች መናገር አይሆንለትም፣ ከእኔ ስማው' አለኝ። 'አትጠብቅ ልጄ' አለኝ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"እማዬ እየሳቀች ነበራ። ጣሪያ ላይ ወጥታ ስትዘፍን ሰማኋት። ሦስት ቀን ብትደሰት ማንን ይጎዳል ብዬ ነው።" ቀና ብሎ ዐየኝ። "እርስዎስ?"

"እኔም እንደዚያው ብዬ ነው" አልኩት።

እንግዲህ ላወርድለት የሄድኩት ሸክም የእሱም ሆኖ ተገኘ። ዌንደል፣ የእኔን ጥፋት ለራሴ ወስጄ እሱን ነጻ አወጣለሁ ብዬ ነበር፤ ልጁ ግን እኔን ሆኖ አደገ። ከእኔ የተማረው መወርወር ብቻ አይደለም። አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም።

እንዲህ ተቀምጠን ሳለ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዜልማ ናት፣ በጥቁር ልብሷ፣ የእንጆሪ ማርማላታ ብልቃጥ ይዛ። ኮይን ስታየው "እንኳን አገኘሁህ የኔ ልጅ" ብላ ራሱን ሳመችው። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

"ኮች፣ አንተ መጻፍ ታውቃለህ" አለችኝ። "ለክለቡ ሰዎች ደብዳቤ ጻፍልኝ። ከቀብሩ ጀምሮ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ መስመሩን ይዘነው ነበር። በዚያች ሰዓት ነው የደወሉለት፣ ሌላ መቼ ሊሆን! የልጁን ዕድል የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

"እትዬ ዜልማ..." አለ ኮይ።

"አንተ ዝም በል። ደግ ስለሆንክ አይደለም ልትለኝ ነው። ቨርጂል ነፍሱን ይማረውና ከወደቀ በኋላ አንዲት ነገር ብቻ ነው የተናገረው፣ እጁን ወደ ስልኩ ዘርግቶ። ምን እንዳለ አልገባኝም። 'አትንኪው፣ ለልጁ ነው' ያለኝ ይመስለኛል። እኔ ግን አልቻልኩም፣ በመጨረሻ ነካሁት። ሁለት ነገር አጠፋሁ፤ እሱንም አላዳንኩ፣ አንተንም ጎዳሁ። ይቅር በለኝ።"

ኮይን ዐየሁት። ዐየኝ። ያኔ መናገር ነበረብን፣ አንዳችን። አፌን ከፈትኩ። ብነግራት ምን ይተርፋታል? ባሏ በከንቱ ሞተ ማለት ነው፤ ላልነበረ ነገር፣ ሁለታችን እንደማይጮኽ እያወቅን ላስዘጋነው ስልክ። አሁን ቢያንስ ለልጁ ብላ እንደሆነ ታምናለች። ኮይ ራሱን በትንሹ ነቀነቀ። አይንገሯት ማለቱ ነበር፣ ወይስ እርስዎ ይንገሯት፣ እስካሁን አላወቅሁም። አልጠየቅሁትም።

ወረቀት አወጣሁ። እየነገረችኝ ጻፍኩ።

"'ልጁ ቤት ነበር፣ ሲጠብቃችሁ ነበር' በል። 'መስመሩን ያስያዝኩት እኔ ዜልማ ነኝ፣ ባሌ ወድቆብኝ ነው፣ በልጁ አትፍረዱ' በል። ጻፍክ? 'እባካችሁ አንዴ ደግማችሁ ደውሉለት። ከእንግዲህ ስልኩን አልነካውም። የምደውልለት ሰውም የለኝም' በል።"

አንብብልኝ አለችኝ፣ አነበብኩላት። ጥሩ ነው አለች። ፈረመች። የክለቡን አድራሻ ጻፍክ ወይ ብላ አየችና ፖስታውን አሽጋ ለኮይ ሰጠችው፦ "ያንተ እግር ፈጣን ነው፣ ነገ በጠዋት ጣልልኝ፣ እንዳይዘገይ።"

"እሺ እትዬ" አላት። ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ክንዷን ይዞ ወንዙን ሊያሻግራት ወጣ።

ዛሬ ፖስታ ቤት ጎራ ብዬ ጠየቅሁ። መልስ እንደማይመጣለት እያወቀ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት መጥቶ አስገብቶታል።

ኤልዉድ ታኬት